አራተኛዋ ካንዴላ

ጋሼ ጣቱ መቃጠሉን ያወቀው ሲሸተው ነው።

የመኪናው ጭስ ማውጫ ገና ትኩስ ነበር። ቀኝ እጁን እላዩ ላይ ጣል አድርጎ፣ አንገቱን ከኮፈኑ ሥር ቀልሶ፣ ስለላላ ቺንጊያ፣ ስለ ሞተሩ ቀበቶ፣ እያስረዳ ሳለ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና «ምንድን ነው የሚሸተው? ገመድ ነው እንዴ?» አለ። ማሙሽ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ገመድ አይደለም፤ የወንድሙ ሌባ ጣት ነው። «ጋሼ፣ እጅህ» አለው። ጋሼ እጁን አነሳ፣ አገላብጦ አየው፣ ከዚያ በኋላ ነው «እህ!» ብሎ ያራገፈው። ሕመሙ ከዓይኑ እንጂ ከጣቱ እንዳልመጣ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ጋሼ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ስለ ቺንጊያው ማውራቱን ቀጠለ፤ ማሙሽም የሚሰማ መስሎ ቆመ።

ማሙሽ ሲባል ልጅ እንዳይመስላችሁ። የሁለት ልጆች አባት፣ ፀጉሩ እስከ መሐል አናቱ የሸሸ ጎልማሳ ነው። ማሙሽ ብሎ የጀመረው ጋሼ ነው፤ ጋሼ ያለውን ደግሞ መንደሩ ተቀብሎ ያስተጋባል። አባታቸው ሲሞት ማሙሽ የወተት ጥርሱን እንኳ ነቅሎ አልጨረሰም ነበር። ጋሼ ያኔ ጢሙ ገና ያቀመቀመ ወጣት ነው፤ ትምህርቱን ጥሎ ጋራዥ ገባ፣ ወንድሙን አበላ፣ አለበሰ፣ ሲያጠፋ ገረፈ፣ ሲያድግ ሙያ አስተማረ። ለማሙሽ ወንድምም፣ አባትም፣ አሠሪም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ «እጅህ አይሰማም» የሚል ቃል ከአፍ እንዴት ይወጣል?

ጋራዡ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያስቆም የቆርቆሮ ጣራ ነው። ዝናብ ሲጥል ከሥሩ ተነጋግሮ መግባባት አይቻልም፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ዝናቡ ማባራት ረስቶ ነበር። ወለሉ ከዘይት ብዛት ጥቁር ቆዳ አብቅሏል። መፍቻዎቹ በየመጠናቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ ከየመፍቻው ጀርባ ቅርጹ በነጭ ቀለም ስለተሳለ አንዱ ሲጎድል ባዶ ቦታው ከሩቅ ያሳብቃል። ይሄም የጋሼ ሥራ ነው። ጋሼ ሥርዓት ይወዳል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ግን አንድ ሕግ አለ። በዚያ ጋራዥ መፍቻ የጨበጠ ሰው ሥራውን ራሱ ይጨርሳል። የጀመረውን ብሎን ለሌላ አያቀብልም፤ ሌላውም ከእጁ አይቀበለውም። ድሮ አንድ ሠራተኛ ጎማ ሲያስር ስልክ ተደወለለትና ትቶት ሄደ፤ ሌላው «አስሮታል» ብሎ መኪናውን ከክሪክ አወረደ። ጎማው ቁልቁለት ላይ ተፈትቶ ከመኪናው ቀድሞ ወረደ። ሰው አልሞተም፤ ጋሼ ግን ያን ዕለት እህል አልቀመሰም፤ በማግስቱ ሕጉን አወጣ። የጨበጠ ይጨርሳል፣ አለቀ። እንኳን ሠራተኞቹ እሱ ራሱ ጥሶት አያውቅም።

ስሙ የገነነው ደግሞ በካንዴላ ነው። ሞተር ውስጥ ነዳጁን የምትለኩሰው ያቺ የጣት ያህል ዕቃ ለዓመታት ሳትነካ ከቆየች ዝገትና ጥላሸት ተባብረው ከሞተሩ ጋር ያጣብቋታል። በጉልበቱ የተማመነ ሰው ይሰብራታል፤ ግማሿ ከውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ሙሉ ራስ፣ ማውረድ ሊመጣ ነው። ጋሼ ግን አይሰብርም ነበር። መፍቻውን ይገጥምና ዓይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ያላላል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ይጠብቃል፣ መልሶ ያጠብቃል፣ እንደገና ያላላል። «ልትሰበር ስትል ትለሰልስብሃለች፤ ሊጥ ትሆንብሃለች። ያኔ እጅህን ሰብስብ» ይል ነበር። ማሙሽን ሙያ ሲያስጀምረው ሁለት ዓመት ሙሉ መብራት አስያዘው፤ «ዓይን እዚህ ምንም ሥራ የለውም፣ እጅ ነው የሚያየው» እያለ። መብራቱ ታዲያ ለምን እንደሚያዝ ማሙሽ አንድ ቀን ጠይቆ መልሱን በኩርኩም አግኝቷል።

ከጊዜ በኋላ ግን ጋሼ ዓይኑን መጨፈን ተወ። ማሙሽ ይህን አስተዋለ። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሌላውም እየታየው መጣ። ጋሼ ብሎን ሲያነሳ ጣቶቹን እያየ ነው የሚያነሳው። ሞተር መቀዝቀዝ አለመቀዝቀዙን በመዳፉ ሳይሆን በጉንጩ ነው የሚለካው። ሸሚዝ መልበስ ትቶ፣ በጠራራው ቀን ሳይቀር፣ ቁልፍ የሌለው ሹራብ ያዘወትራል። ሰዎች «ምነው ጋሼ፣ በረደህ?» ይሉታል፤ እሱም «ዕድሜ ነዋ» ይላል። እነሱ ይስቃሉ፤ ማሙሽ አይስቅም።

የጋሼ ሚስትም አላጣችውም። ጣቱ በተቃጠለ ማግስት ማሙሽን ከጋራዡ ጀርባ አሮጌ ጎማ ወደተከመረበት ጠራችው። ጋሼ ሌሊት እጁን ጎኑ ሥር ደብቆ እንደሚተኛ፣ ትኩስ ድስት በባዶ እጁ አንስቶ እሷ ጮኻ እንዳስጣለችው፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ባለችው ቁጥር እንደሚያኮርፍ ነገረችው። አላለቀሰችም፤ የደከማት ሴት ነበረች የምትመስለው።

«እኔ ስነግረው ሴት ስለሆንኩ የምሸበር ይመስለዋል» አለች። «አንተ ብትነግረው ግን ሙያተኛ ነገረው ማለት ነው። ሰው ሳይጎዳ፣ ራሱም ሳይጎዳ ንገረው። እሺ በለኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

እሺ ማለት ቀላል ነው። ጠዋት ሲሆን «ገና ሻይ እንኳ አልጠጣም» ብሎ ተወው፤ ከሰዓት ሲሆን «ደክሞታል» ብሎ ተወው፤ ቅዳሜ ሲሆን «እሁዱን ላበላሽበት ነው?» ብሎ ተወው። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ በዚያ ቤተሰብ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ነው፤ ማሙሽ ደግሞ ሲካፈሉ ትልቁ ድርሻ የደረሰው ሰው ነው። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ ይመጣል፣ ጋሼ ዞር ብሎ ያየዋል፣ ቃሉ ተመልሶ ይወርዳል።

በመጨረሻ የፈሪ ዘዴ አገኘ። ጠዋት ጠዋት ከጋሼ ቀድሞ ይገባና አደገኛ የሆነውን ሥራ ሁሉ ራሱ ይጀምራል። አንዴ መፍቻውን ከጨበጠ ሕጉ ሕግ ነው፤ ጋሼ አይነካውም። ለጋሼ ጎማ መንፋት፣ የአየር ማጣሪያ ማራገፍ፣ ከደንበኛ ጋር መጨዋወት ቀረለት። አንዳንዴ ግን ከመፍቻዎቹ ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ሥራ እንዳጣ ሰው፣ ባዶ ቅርጾቹን ሲያይ ማሙሽ ያየዋል፤ ያን ጊዜ የሠራው ሥራ ደግነት ይሁን ስርቆት ለራሱም ግራ ይገባዋል።

ሲስተር የመጣችው ዝናቡ በባሰበት አንድ ጠዋት ነው። አዋላጅ ናት፤ የዚያ አካባቢ ግማሹ ሕፃን መጀመሪያ የነካው የሷን እጅ ነው። መኪናዋ እያነከሰች፣ እያሳለች መጣችና ከጣራው ሥር ጭጭ አለች። ከጋሼ ጋር የቆየ ጨዋታ አላቸው። እሷ «የሙያ ወንድሜ» ትለዋለች፣ ሁለታችንም አልወጣ ያለውን ነው የምናወጣው ብላ። እሱም ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ነው፤ «ያንቺዎቹ ያለቅሳሉ፣ የኔዎቹ ያስለቅሳሉ»።

ያን ቀን ጨዋታው አጭር ነበር። ከወንዙ ማዶ መንታ ያረገዘች ሴት አለች። ቀኗ ገብቷል፤ የበፊቱን ልጇንም በመከራ ነው የተገላገለችው። ሲስተር ከሰዓት በኋላ ደርሳ አብራት ልታድር ቃል ገብታለች። ካንዴላዎቹ ይቀየሩልኝ አለች። መቼ ተቀይረው እንደሚያውቁ ማሙሽ ሲጠይቃት ዓይኗን ወደ ጣራው ሰቀለች፤ መኪናዋን ከገዛች ጀምሮ ማንም ነክቷቸው አያውቅም።

ማሙሽ ይህን ሲሰማ ቶሎ ብሎ መፍቻውን ከግድግዳው አወረደ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ፣ የካንዴላዎቹን ጉድጓዶች በአየር ነፋ፣ ገመዶቹን ነቀለ። የመጀመሪያዋ እየተነጫነጨች ወጣች። ሁለተኛዋ ትንሽ አስለመነችው። ሦስተኛዋ ጥላሸት ተከናንባ ወጣች፤ ሞተሩ የሚያነክሰው በሷ እንደሆነ ያስታውቃል። አራተኛዋ ከሁሉም ከኋላ፣ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ናት። ዓይኑን ጨፍኖ ገፋ ሲያደርጋት የፀጉር ያህል ተንቀሳቀሰችና ሲጢጥ አለች። ወዲያው እጁን ሰበሰበ። መልሶ አጠበቃት፣ ዙሪያዋን ዘይት አንጠባጠበላትና ቀና አለ። ይህቺ መተኛት አለባት፣ ዘይቱ እስኪሰርጋት ከምሳ በኋላ ድረስ አልነካትም አለ።

ሲስተር ሰዓቷን አየች፣ ዝናቡን አየች። ክፋት አልነበረባትም፤ የቸኮለ ሰው የሚለውን ነው ያለችው።

«ታላቅህ ቢሞክራት አይሻልም? ለሱ እኮ እሺ ይላሉ።»

ጋሼ ትንሽ ራቅ ብሎ ማጣሪያ እያራገፈ ነበር። ማጣሪያውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጣና ከማሙሽ ጎን ቆመ። ስጠኝ አላለም። ቀኝ እጁ ግን ከጎኑ ትንሽ ወደ ፊት ወጥታ ነበር፣ ይዘርጋት አይዘርጋት ያልቆረጠ ሰው እጅ።

ሕጉ ከማሙሽ ጋር ነበር። «የጨበጥኳት እኔ ነኝ፣ እኔው እጨርሳታለሁ» ቢል የሚከፋ አልነበረም፤ ጋሼ ራሱ አንገቱን ነቅንቆ ይመለስ ነበር። ቃሉም ምላሱ ላይ ነበር። ግን ወደ ወንድሙ ፊት ተመለከተ። ጋሼ በዕድሜው ማንንም ለምኖ አያውቅም፤ አባታቸው በሞተ ጊዜ እንኳ ዘመድ ቤት ለልመና አልሄደም። አሁን ዓይኑ ውስጥ ያለው ግን ልመና ነው። ያበላው እጅ ነው፤ ያለበሰው እጅ ነው። እንዴት አድርጎ በሰው ፊት ባዶውን ይመልሰው?

መፍቻውን ሰጠው። በዚያ ጋራዥ ሕጉን ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሰው እሱ ሆነ፣ ያውም በፍቅር።

ጋሼ ጎንበስ አለ። መፍቻውን ጉድጓዱ ውስጥ ሲያስገባ ሁለት ጊዜ ጠርዙን ሳተ፤ በሦስተኛው ገባለት። ዓይኑን አልጨፈነም፤ እንዲያውም አፍጥጦ ነበር የሚያየው። ጥቂት አላላ፤ ሲጢጥ አለች። ማሙሽ አሁን መልሶ ያጠብቃታል ብሎ ጠበቀ። አላጠበቃትም። መፍቻው መዞሩን ቀጠለ። ድምፁ ተለወጠ፣ ከሲጢጥታ ወደ ምንም። የመፍቻው እጀታ ይዞራል፣ ካንዴላዋ ግን ከፍ አትልም። ሊጥ ሆናለች። ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ማሙሽ በገዛ መዳፉ ውስጥ ልስላሴዋ ተሰማው፤ መፍቻውን በያዘው በጋሼ እጅ ውስጥ ግን ምንም የለም። ተው ጋሼ የምትል ቃል ናት የምትፈለገው፤ ሁለት ቃል። ሲስተር አለች፣ ጋሼ ፊቱ በርቷል፣ እንዴት ይበለው?

ቀጭ አለ። የበትር ስብራት ያህል እንኳ ድምፅ አልነበረውም።

«ወጣች» አለ ጋሼ።

ፈገግ ብሎ ነበር ቀና ያለው። መፍቻውን ከፍ አድርጎ ለሲስተር አሳያት፣ ሕፃን ለእናቱ እንደሚያሳይ። ከመፍቻው አፍ የወጣው የካንዴላዋ ግማሽ ነው፤ ነጩ ሸክላ ተሰባብሮ፣ ብረቱ ከወገቡ ተቆርጦ። ጥርሱ ያለበት ግማሽ ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል። ጋሼ የሌሎቹን ፊት አይቶ ነው ወደ እጁ የተመለሰው። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት አጥቶ ፊቱ ላይ ቆየ።

ከዚያ ጋሼ ወደ ማሙሽ ዞሮ፣ ቀድሞ ብዙ ታግለሃታል፣ ሰንጥቀህ ነው የሰጠኸኝ አለ። ውሸቱን አልነበረም፣ ከልቡ ነበር። እጁ ምንም አልነገረውም፤ ምንም ያልነገረ እጅ ደግሞ ጥፋተኛ አይመስልም።

«አዎ» አለ ማሙሽ። «እኔ ነኝ።»

ሲስተር አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ቀጥላ የጋሼን እጅ አየች፤ በጨርቅ የተጠቀለለው ጣት ተገልጦ ነበር። መኪናው ዛሬ እንደማይደርስላት ሲነግሯት ቦርሳዋን ከኋላ ወንበር አነሳችና ጃንጥላዋን ዘረጋች።

ማሙሽ እስከ መንገዱ ሸኛት። ታክሲ እስከ ድልድዩ ያደርሰኛል፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ እሄዳለሁ አለችው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ቦርሳዋ ከባድ ነው፤ ሴትየዋ ደግሞ መንታ ነው የያዘችው። ማሙሽ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ጣቱ ላይ ያለው የእሳት ቁስል ነው» አለች። «እዚያ ድረስ እስኪቃጠል አልተሰማውም ማለት ነው። አይደለም?»

ማሙሽ ወደ ጭቃው አቀረቀረ።

«ካንዴላዋን አንተ አልሰበርካትም፤ ስትሰጠው ሙሉ ነበረች፣ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ በዚያ እጅ ብሠራ ስንቱን እናት እገድል ነበር። ዝም ያለኝ ሰው ደግሞ አብሮኝ ገደለ ማለት ነው።» ታክሲው ቆመላት። አንድ እግሯን አስገብታ ዞር አለች። ሕመሙ ቶሎ ከታየ ባለበት ሊቆም ይችላል፣ አለዚያ ወደ ሌላኛው እጅም ይሄዳል አለችው። «ወይ አንተ ንገረው ወይ እኔ ልንገረው።»

እኔ እነግረዋለሁ አለ ማሙሽ። ለሁለት ሴቶች ቃል የገባ፣ አንዱንም ያልፈጸመ ሰው ሆኖ በዝናቡ ውስጥ ተመለሰ። እግሩን እየጎተተ ነው የሄደው፤ ጋራዡ ግን ቅርብ ነበር።

ጋሼ ሥራ አልፈታም። የሸክላውን ስብርባሪ በቱቦ ስቦ አውጥቷል። የግራ ጥርስ ያላትን፣ ወደ ግራ ስትዞር የተሰበረውን ነክሳ የምታወጣውን ማውጫ ብረት በግሪስ ለውሶ፣ በቀረው የካንዴላ ግማሽ ውስጥ በመዶሻ ተክሏታል። የተተከለችው ትንሽ ጠምማ ነው፤ ማሙሽ አይቶ አቃናት፤ ጋሼ ሲያቃናት አላየም ወይም እንዳላየ ሆነ። ቴስታታውን ሳናወርድ እናወጣታለን፣ ሲስተርም ነገ መኪናዋን ትወስዳለች አለ። ድምፁ ወፍራምና ደህና ነበር፣ የድሮው የጋሼ ድምፅ። ቀርቶ የነበረው ማጠንጠኛ የሚሉትን ማዞሪያ እጀታ ከብረቷ ጋር ገጥሞ ማዞር ብቻ ነው።

«አሁን በወጉ እንሥራት» አለ ጋሼ። «ጠዋት ተቻኩለን ነው።»

ክንዱን በመኪናው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ቀኝ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ከፍቶ፣ ወደ ማሙሽ በኩል ዘረጋት። ከዚያም ዓይኑን ጨፈነ። ማሙሽ የጋሼ ዓይን ሲጨፈን ካየ ስንት ጊዜው ነው። ለአንድ አፍታ ተስፋ የሚባል ነገር ደረቱ ውስጥ ሽው አለ፤ ምናልባት ጠዋት የሆነው የጠዋት ብቻ ነው፣ ምናልባት ሁላችንም ተሳስተናል። ማጠንጠኛውን ከግድግዳው አወረደና በተከፈተው መዳፍ ላይ በቀስታ አስቀመጠለት።

ጣቶቹ አልታጠፉም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሼ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ መዳፉን እንደዘረጋ ነው። ማጠንጠኛው በመዳፉ መሐል ተጋድሟል፤ ቀዝቃዛ፣ ጥቁር፣ የገዛ እጁ መያዣውን ያሳሳው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ጋሼ። «አቀብለኝ እንጂ።»

ማሙሽ ያን ሁሉ ጊዜ ለዚህ ነገር ስንት መግቢያ አዘጋጅቶለት ነበር፤ ስለ ሐኪም፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ዕረፍት። አንዱም አልመጣለትም።

«ጋሼ» አለ። «እጅህ ላይ ነው።»

ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። መዳፉን አየ። ማጠንጠኛው እዚያው ነው። ጣቶቹን ለማጠፍ ሞከረ፤ እያያቸው አንድ በአንድ ታዘዙለት፤ መልሶ ዘረጋቸው። ፊቱ አልተለወጠም፤ ብቻ በአንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆነ። ማሙሽ ወንድሙ ማርጀቱን ከዚያ በፊት አላየም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ዓይንህን መጨፈን ከተውክ ጀምሮ።»

«ጠዋት የሰበርኳት እኔ ነኛ?»

«አዎ።»

ጋሼ አንገቱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፣ የራቀ ሰው መርዶ እንደሰማ ሰው። ከዚያ የጠየቀው ማሙሽ የፈራው ጥያቄ ነው።

«ታዲያ እያወቅህ ለምን ሰጠኸኝ?»

ማሙሽ ፊትህን አይቼ ሊል ፈለገ፤ እውነት ነው፣ ግን ጥፋቱን መልሶ ለሱ መስጠት ሆነበት። ከድልድዩ ወዲያ በጭቃ ውስጥ ቦርሳ ተሸክማ የምትሄደው ሴት በዓይኑ መጣች።

«እንቢ ማለት አቃተኝ» አለ።

«አቃተህ» አለ ጋሼ። አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ እንደ ድሮው ቢኮረኩመው፣ ማሙሽ ደስ ባለው ነበር። ጋሼ በግራ እጁ ማጠንጠኛውን ከቀኝ መዳፉ ላይ አነሳው። ማሙሽ አሁን ጎንበስ ብሎ ሊቀጥል ነው ብሎ ሰጋ፤ ግትርነቱን ያውቃል። ጋሼ ግን ዕቃውን ወደ እሱ ዘረጋለት።

«ሕጉን ታውቃለህ» አለው። «የጨበጠ ይጨርሳል። እኔ አልጨበጥኩትም። ያዝ።»

ማሙሽ ተቀበለው። የሚለው ነገር እንዳለ ጋሼ አውቆበት ራሱን በአሉታ ነቀነቀ፤ ዝም ብለህ ሥራ ማለቱ ነው። ማሙሽ ጎንበስ ብሎ ማጠንጠኛውን ከብረቷ ጋር ገጠመ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ጋሼ ቀኝ እጁን ሹራቡ ውስጥ ከተታት። በግራው ባለ ገመዱን መብራት ከመንጠቆው አውርዶ፣ ከወንድሙ ትከሻ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘለት።